ለፎቶ የቆመ ማሽላ

ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች ብዙ ሰው ስወቅስ ትሰሙኛላችሁ። እጮኛዬን እወቅሳለሁ፣ ፎቶ አንሺውን እወቅሳለሁ፣ አንዲት “አይሆንም” ከአፉ ማውጣት ያቃተውን አባቴንም እወቅሳለሁ። “አንቺስ?” የሚል አንባቢ ካለ መልሱን ከወዲሁ ይያዝልኝ። ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የቆረጥኩትም ፎቶ እንዲያምርልኝ ነው።

ያኔ መርሳ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አባቴ እንድሪስ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር ማሽላ ያርሳል። ማሳው ከመንገዱ ይጀምርና ወደ ኋላ እስከ ወንዙ ይዘልቃል። ያንን ማሳ እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ። ኮትኩቼበታለሁ፣ ወፍ ጠብቄበታለሁ፣ ጥንቅሽ በልቼበታለሁ። የከተማ ልጅ ብሆን ኖሮ ጥፋቴ ትንሽ ይቀልልኝ ነበር።

እጮኛዬ ጀማል የወልድያ ልጅ ነው፤ የሞባይል ሱቅ አለው። አንደበቱ ጣፋጭ፣ ልብሱ ንጹሕ ነው። እናቴ ከድጃ “ሰው ሲያናግር አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው” ትለው ነበር። እኔ ግን እወደው ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

በእኛ አገር የሰርግ ቀን እንዲሁ በዘፈቀደ አይቆረጥም። መጀመሪያ እህሉ መግባት አለበት። ረመዳን መች እንደሚገባ ይታያል። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጾምም ይቆጠራል፤ እኛ ድረን እነሱ ሥጋ ካልቀመሱ ሰርጉ ሰርግ አይባልም። ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ አይተው ጥር ላይ አድርገውልን ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ መኮንን ናቸው፤ የማሳ ጎረቤታችን፣ ክርስቲያን፣ ከአባቴ ጋር አርባ ዓመት ሙሉ በሬ ሲዋዋሱ የኖሩ ሰው። ቀኑ ሲቆረጥ መርቀው የጨረሱት እሳቸው ነበሩ።

በጥቅምት አንድ ቀን ጀማል በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሙሽሮች ናቸው። የደረሰ ማሽላ መሃል ቆመዋል፤ ዘለላው ቀይ፣ ፀሐይዋ ከኋላቸው፣ ቬሎው የሚነድ ይመስላል።

“ሐያቴ፣ የእናንተ ማሳ ከዚህ አይበልጥም?” አለኝ በስልክ፤ ሐያት የሚለውን ስሜን የሚያቆላምጠው እንዲያ ነው።

“ይበልጣል። ግን በጥር እኮ ታጭዶ ጉቶው ብቻ ነው የሚቀረው።”

“ታዲያ ቀኑን ወደፊት እናምጣዋ!”

እስቲ አስቡት። አንዲት የገበሬ ልጅ ይህን ስትሰማ ምን ማለት ነበረባት? “ጤና የለህም ወይ?” ማለት ነበረባት። እኔ ግን ልቤ በደስታ ዘለለ።

በሳምንቱ ሀብቱ የሚባለውን ፎቶ አንሺ ከወልድያ ይዞት መጣ። ሀብቱ ማሳችን ዳር ቆሞ በሁለት እጆቹ ጣቶች አራት ማዕዘን ሠራና በዚያ ውስጥ አጮልቆ አየ። ከዚያ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ሰጠ። “አሁን ገና አረንጓዴ ነው። የኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ። ቅጠሉ ደርቆ፣ ዘለላው ቀልቶ። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ የምትደርሰው አስር ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለን። ከመንገዱ በኩል ያለው ፊት ለፊቱ እንዳይነካ። እሱ ነው ወርቁ።” ቅዳሜ ፎቶ፣ እሑድ ሰርግ ተባለ። በአባባ እንድሪስ ማሳ ላይ ቀን ሲቆረጥ አባባ እንድሪስ እዚያ አልነበረም። በሬ ሊያጠጣ ወርዶ ነበር።

ለአባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። አያ መኮንንም ነበሩ።

“አባዬ፣ ሰርጉ ኅዳር ላይ ቢሆንስ? ማሽላው እንደቆመ?”

አባቴ ወደ ማሳው ዞሮ አየ። አያ መኮንን ግን ሳቁ። “ኅዳር ጾም ገብቷል እኮ ልጄ። ይሁን፣ እኛስ ሽሮ እንበላለን፤ ሽሮም እህል ነው። ማሽላው ግን ቆይ ቢባል ይሰማል? ሲደርስ ደረሰ ነው።”

“አንድ ሳምንት ቢቆይ ነው፣ አያ” አልኩ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። “እሺ ልጄ። አንድ ሳምንት ምን ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።”

ገበሬ “እሺ” ሲል ብዙ ዓይነት ነው። ይሁን የሚል እሺ አለ፣ ተይኝ የሚል እሺ አለ፣ ልጄ ናት ምን ላድርግ የሚል እሺም አለ። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይገባኝ ነበር። አውቄዋለሁም። ግን አልሰማሁትም፤ ፎቶው ዓይኔ ላይ ነበር።

አንዱ ሳምንት ሁለት ሆነ። አገሩ ሁሉ አጨደ። አያ መኮንን አጨዱ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት አጨዱ፣ ከሲሪንቃ መልስ በመኪና ስመጣ በግራም በቀኝም የማየው ክምርና ባዶ ማሳ ብቻ ሆነ። የእኛ ማሳ ብቻውን ቆመ። አሁን ሳስበው ጭንቅላቴን በግድግዳ መምታት ያምረኛል። ሁሉ ማሳ ሲቆም ወፉ ለሁሉ ይካፈላል። አንድ ማሳ ብቻ ሲቆም የአገሩ ወፍ በሙሉ እዚያው ነው የሚሰፍረው። ይህን የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያውቁታል።

ዓርብ ጠዋት ቤታችን በሰው ተሞላ። ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ የአክስቴ ልጅ እጄን ሂና እየቀባች በፌስታል ታስርልኛለች። የጁምዓ አዛን አለ። ወንዶቹ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ገባችና ቆመች።

“አባትሽ ጁምዓ አልሄደም” አለች።

በሕይወቴ አባቴ ጁምዓ ቀርቶ አያውቅም። ታሞ እንኳ ተደግፎ ይሄዳል። “የት ነው?” አልኳት።

“ማሳ ነው። ከንጋት ጀምሮ ማሳ ነው። ምሳ እንውሰድለት ብል አትምጪ አለኝ።”

ፌስታሉን እንደታሰርኩ ወጣሁ። “ሙሽራ አትወጣም!” ብለው ሴቶቹ ጮኹብኝ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ድምፁን ሰማሁ፤ ሳላየው በፊት ሰማሁት። የሚንጫጫ፣ የሚፈላ ድምፅ። ግሪሳ ነው። ከማሳው በላይ እንደ ጭስ ይነሣል፣ ይዞራል፣ መልሶ ይሰፍራል። ሲሰፍር ዘለላው ሁሉ ጎንበስ ይላል።

ማሳው መሃል ከእንጨት የተሠራ ማማ አለ፤ ወፍ የሚጠበቅበት። አባቴ እዚያ ላይ ቆሟል። ወንጭፉን ያዞራል፣ ይወረውራል፣ “ሃ! ሃይ! ሃ!” ይላል። ወፉ ከዚህ ይነሣና እዚያ ያርፋል። ድምፁ ያኔም ተሰነጣጥቆ ነበር።

“አባዬ!” ብዬ ጮህኩ።

ወረደ። ሲያየኝ ደነገጠ፤ በእኔ ፈንታ እሱ አፈረ። “ምነው ወጣሽ? እጅሽ ይበላሻል” አለኝ።

“ጁምዓስ?”

“አላህ ያውቃል።”

ቀኝ እጁን አየሁት። የወንጭፉ ገመድ በሁለት ጣቶቹ መካከል ልጦታል፤ በጨርቅ አስሮት ደሙ ወጥቷል። በእግሬ ስር የወደቀውን ዘለላ በጫማዬ ገለበጥኩት። ገለባ ብቻ ነው። ፍሬ የለውም።

“አባዬ፣ እንጨደው። አሁኑኑ።”

“ነገ አስር ሰዓት አይደል የምትነሡት? እስከዚያ እጠብቀዋለሁ። አብሽሪ።”

አብሽሪ አለኝ! ማጽናናቱ ነው። ያኔ ነው ንዴቱ ከእግሬ የተነሣው። መጀመሪያ የተናደድኩት በእሱ ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም፣ ለምን አልተቆጣኸኝም፣ ለምን ሁሌ እሺ? ልናገር አፌን ከፈትኩና ጨርቁን አይቼ ዘጋሁት።

ጀማል ጋ ልደውል አልኩ። እጆቼ ፌስታል ውስጥ ናቸው። አባቴ ስልኬን ከኪሴ አወጣ፤ የምለውን እየነካ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጆሮዬ ጋ ያዘልኝ። በዚያ በተላጠ እጁ።

“ጀማል፣ ግሪሳ ወረደ። ማሽላው እያለቀ ነው። ዛሬ መታጨድ አለበት።”

“ምን? ኧረ በአላህ ሐያቴ! ነገ እኮ ነው! አንድ ቀን እኮ ነው!”

“እያለቀ ነው እልሃለሁ።”

ሲያስብ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፁ ደስ አለው፤ መላ አግኝቷል። “እሺ ስሚ። ከኋላ በኩል ይጨዱ። ካሜራ የማይገባውን። ከመንገዱ በኩል ያለውን ፊት ለፊቱን ብቻ እንዳይነኩብን። እሱን ብቻ ያቆዩልን።”

አባቴ ሁሉንም ሰማ። ስልኩን የያዘው እሱ ነው፤ እንዴት አይሰማ? ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እኔስ ምን አልኩ? “አይሆንም፣ ቅድሚያ እህሉ” አልኩ? አላልኩም። እፎይ አልኩ። ሁለቱንም ማዳን የሚቻል መሰለኝ። “ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አይደል አባዬ?” አልኩት። እስከ ዛሬ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

“እሺ ልጄ” አለ። “ከኋላ እንጀምራለን።”

ከሰዓት በኋላ አያ መኮንን ደቦ ጠርተው መጡ። የጠሩት ሰው ሁሉ የገዛ አዝመራውን ጨርሶ ሊያርፍ የተቀመጠ ሰው ነው። ግማሹ ጾመኛ ነው፤ አፉ ደርቋል። ግማሹ ከጁምዓ መልስ የክት ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ከወንዙ በኩል ማጨድ ጀመሩ። አጫጁ ወደፊት በገፋ ቁጥር ወፉም ወደፊት ገፋ። ከኋላ ያለውን አዳኑት፤ ግን ወፉን ሁሉ እየነዱ ወደዚያ ወደ “ወርቁ” ሰበሰቡት። አያ መኮንን ነገሩ ገባቸው፤ እኔን ግን አላዩኝም። ሆን ብለው አላዩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መርሳ ፀጉር ቤት ገባሁ። ተቀባሁ፣ ተሠራሁ፣ ቬሎ ለበስኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቆንጆ ነበረች፤ በጥፊ ባልኳት ደስ ይለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጀማል ሚዜዎቹንና ሀብቱን ይዞ በመኪና ወሰደኝ። መኪናው ውስጥ ሙዚቃው ይጮኻል። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ነው። ጀማል “ብርሃኑ እንዳያመልጠን” እያለ ሰዓቱን ያያል።

ማሳው ጋ ስንደርስ ከፊት ለፊት ያለው ቁራጭ ብቻ ቆሟል። ግማሹ ዘለላ ነጣ፤ ባዶ ነው። ወፉ አሁንም አለ። አባቴ ማማው ላይ ነው፤ ወንጭፉን በግራ እጁ ያዞራል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም። ሁለት ቀን ጮኾ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ሄዷል። እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

አያ መኮንንም ትዕግሥታቸው አልቆ ኖሮ ሰዎቻቸውን ይዘው ፊት ለፊቱን ማጨድ ጀምረዋል።

ጀማል ከመኪናው ዘሎ ወረደ። “አንተ ሰውዬ!” ብሎ ጮኸ። “ቁም! ቁም እንጂ!”

አያ መኮንን ቀና አሉ። ዙሪያቸውን አዩ፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው። “እኔን ነው?” አሉ።

“አዎ አንተን! ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያቅታችኋል? ግማሽ ሰዓት ብቻ!”

ማጭዶቹ ሁሉ ቆሙ። አያ መኮንን እኔን በማር አንደበታቸው የመረቁ ሰው ናቸው። በዚያ ሰፈር ልጅ ቀርቶ ሚስታቸው እንኳ “አንተ” ብላቸው አታውቅም። ማጭዳቸውን ክንዳቸው ስር አደረጉና ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ።

እኔ አሁንም ቆሜያለሁ! ቬሎዬን ሰብስቤ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። አይደንቅም? ሰው ለመፍረድ የሚፈጥነውን ያህል ለመንቃት አይፈጥንም።

ሀብቱ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ መልሶ አወረደው። “ጀማል፣ ሽማግሌው ማማው ላይ ያሉት ፎቶው ውስጥ ይገባሉ” አለ። ክፋት የለበትም፤ ሥራው ነው። ድንጋይ አንሡልኝ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው።

ጀማል እጁን አፉ ላይ እንደ ቱቦ አደረገ። “አባባ! እባክዎ ትንሽ ይውረዱልን! ፎቶው ውስጥ እየገቡ ነው!”

አባቴም እሺ አለ። ድምፅ ስለሌለው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ወንጭፉን አንገቱ ላይ አደረገና አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አወረደ። የገዛ ማሳው ላይ፣ የገዛ ማማው ላይ፣ የገዛ ልጁ ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ ሊወርድ ነው።

“አባዬ አትውረድ!”

ከየት እንደወጣ አላውቅም። አስፋልቱ ላይ የሚያልፉ ባጃጆች እንኳ ቆሙ። “አትውረድ እልሃለሁ! እዚያው ቁም!”

ጀማል ክንዴን ያዘ። “ሐያቴ፣ ሰው እያየን ነው።”

“ይየን! ፎቶ ስትፈልግ እንዲያየን አልነበረም?”

አያ መኮንን ጋ ሄድኩ። ማጭዱን ከክንዳቸው ስር ወሰድኩ፤ ከለከሉኝም፣ ሰጡኝም አልልም፤ ክንዳቸውን አላሉት። ያንን ወርቅ የተባለውን፣ ሀብቱ በጣቱ የለካውን ቦታ፣ ከመጀመሪያው አገዳ ጀምሬ ማጨድ ጀመርኩ። ቬሎው ተቀደደ። ሂናው በአገዳው ቅጠል ተፋቀ። እያለቀስኩ ነበር፤ ለማንም ያዘንኩ እንዳይመስላችሁ፣ ንዴት ነው።

አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ። ቀና አልኩ። ሀብቱ ተንበርክኮ እያነሣኝ ነው። “እንዲያው! እንደዚያው! ማጭዱን ከፍ አድርጊው! ፊትሽን ወደ ብርሃኑ!”

ጓል አንሥቼ ወረወርኩበት። ትከሻውን መታሁት። እሱንም በካሜራው አነሣው።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ድምፅ የማጭድ ብቻ ነው። አያ መኮንን ከሰው ማጭድ ተቀብለው ከጎኔ ገቡ። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ሳይቀሩ ከቤት መጡ። እናቴ መጣች፤ ቬሎዬን ከወገቤ ላይ በመቀነቷ አሰረችልኝና ጎንበስ አለች። ጀማልስ? ጫማው አዲስ ነበር። መኪናው ጋ ተደግፎ ስልክ እያናገረ ቆየ። አንድ አገዳ አላጨደም። አንዷን ብቻ፣ ለወጉ ያህል እንኳ ቢያጭድ ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር ይሆናል። ፀሐይዋ ተራራው ላይ ስትደርስ አስር ሰዓት ሆነ። ብርሃኑ ሀብቱ እንዳለው ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ጠፋ። ከፊቱ ማሳ ያገኘነው ከገለባ የማይሻል ነበር።

እሑድ ሰርገኛው መጣ። እንዴት ብትሉኝ፣ ሽማግሌዎች ማታውን ጀማል ጋ ሄደው “ሙሽራ ትቆጣለች፣ ያልፋል” ተባብለው ነበር። ጀማልም “ይቅርታ” ብሎ ልኮ ነበር፤ ለእኔ። ለአያ መኮንን አይደለም። ለአባቴም አይደለም። ዳሱ ሞላ፣ ምግቡ ወጣ። እኔ ጓዳ ተቀምጫለሁ።

በእኛ ደንብ ኒካህ ከመታሰሩ በፊት አባት ሁለት ምስክር ይዞ ልጁ ጋ ይገባል፤ ይጠይቃታል። ወክዬሃለሁ ካለች ወጥቶ ከሙሽራው ጋር ቃሉን ይለዋወጣል። አባቴ ገባ። ነጭ ለብሷል፤ እጁ ታስሯል። ምስክሮቹ በሩ ጋ ቆሙ። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ከፈተ።

ድምፅ የለም።

እንደገና ሞከረ። ሹክሹክታ ብቻ ወጣ፤ ምስክሮቹ አልሰሙትም፣ ቀረብ አሉ። “ትወክይኛለሽ?” ነው ያለው። ከንፈሩን አይቼ ነው ያወቅኩት።

ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደገኝ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ጮክ ብሎ የሚናገርበት ቀን ነበር። ልጄን ድሬልሃለሁ የሚልበት። ያን ድምፅ ማማ ላይ ጨርሶታል። ለወፍ። ለእኔ ፎቶ።

“አባዬ” አልኩት። “ድምፅህ ሲመለስ ጠይቀኝ።”

ምስክሮቹ ተያዩ። እናቴ ከመጋረጃው በስተኋላ “ያ ረቢ!” አለች። አባቴ ግን አልደነገጠም። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተነሣ፣ ወጣ። ዳሱ ውስጥ ቆሞ ሊናገር ሞከረ፤ ድምፁ እምቢ አለ። ኋላ ላይ እንደነገሩኝ ከእንግዶቹ መካከል አያ መኮንን ተነሥተው እንዲህ አሉ። “ልጅቱ የአባቴ ድምፅ ሲመለስ ይጠይቀኝ ብላለች። የቀረበውን ብሉ፤ እህል ነው፣ አይጣልም። ከዚያ በሰላም ግቡ።” ጀማል “ይህ ቀልድ ነው?” ብሎ ተነሣ አሉ።

ማታ ደወለልኝ። “ለግማሽ ሰዓት ፎቶ ብለሽ ትዳር ታፈርሻለሽ?” አለኝ።

“አንተስ ለግማሽ ሰዓት ፎቶ ብለህ አባቴን ከማማው ልታወርድ አልነበረም?” አልኩና ዘጋሁት።

የአባቴ ድምፅ ሐሙስ ዕለት ተመለሰ። አውድማው ላይ ሳለሁ መጣ። “ሐያት፣ ድምፄ መጥቷል። ልጠይቅሽ?” አለኝ።

“ጠይቀኝ።”

“ትወክይኛለሽ?”

“አልወክልህም፣ አባዬ።”

“እሺ ልጄ” አለ። የእሺ ዓይነት አውቃለሁ ብያችሁ የለ? ይህኛውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጮክ ያለ ነው።

በዚያ ዓመት ክረምት ሲገባ ጎተራችን ባዶ ነበር፤ ገበሬው አባቴ ከመርሳ ገበያ እህል ሸምቶ በላ። አንድ የወቀሳ ቃል ግን አልተናገረኝም። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ እሺ ሲለኝ ዝም ብዬ አላልፍም፤ “የትኛው እሺ ነው?” እላለሁ። መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ አሁን አሁን “አይሆንም” ማለት ተምሯል። አንዳንዴም አብዝቶታል። ከአያ መኮንን ጋር በእግራቸው ላይ ወድቄ ታርቄያለሁ። ብዙ ሰው “ቸኩለሻል፣ ባል በማጭድ አይፈታም” ይለኛል። ቸኩዬ ሊሆን ይችላል። ግን ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። እናንተ ቀን የምትቆርጡ ልጆች፣ ፎቶ አትነሡ አልላችሁም፤ ብቻ ከጀርባችሁ እንዲቆም የፈለጋችሁት ነገር የማን እንጀራ እንደሆነ ጠይቁ።

ባለፈው ዓመት ወልድያ ሄጄ በሀብቱ ስቱዲዮ በር አለፍኩ። በሩ ላይ በቁመቴ ልክ የተሰቀለች አንዲት ሙሽራ አየሁ። ቬሎዋ ተቀዷል፣ ማጭዷን አንሥታለች፣ ፊቷ በፀሐይ በርቷል። እኔ ነኝ። ገባሁ።

“አውርደው” አልኩት።

“እህቴ፣ ሰው ወዶታል እኮ! በዚህ ፎቶ ስንቱ ሙሽራ መጣ መሰለሽ። ‘እንደ እሷ በማሽላ ውስጥ’ እያሉ ቀን የሚያስለውጡ አሉ።”

“አውርደው አልኩህ!”

“እሺ አወርደዋለሁ” አለ። በወሩ ተመልሼ ሳልፍ እዚያው ነው። እሺውን አውቄዋለሁ።

እንግዲህ ወልድያ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ ካላችሁ፣ ያንን ፎቶ ስታዩ አትደነቁ። ሙሽራዋ ደስ ብሏት አይደለም፤ የምታጭደው ባዶ አገዳ ነው። ከትከሻዋ በላይ፣ ከኋላ፣ ማማ ላይ አንድ ሰው አለ፤ አፉን ከፍቷል፣ እጁን አንሥቷል። ሀብቱን ስለ እሱ ብትጠይቁት “እየዘፈነ ነው” ይላችኋል፤ ለደንበኞቹ እንዲያ እንደሚል ሰምቻለሁ። አይዘፍንም። አባቴ ነው። ሊጮህ ነው አፉን የከፈተው፤ ድምፁ አልወጣለትም።